በሁዳዴ እንቁላል ተሸክሜ ወደ መካነ ሰላም

ይህን የምጽፈው ወሎን ላላየ ሰው ነው፤ ያየውማ ይስቅብኛል። እኔ የሐዋሳ ሰው ነኝ። ሃያ ዓመት በሆቴል ወጥ ቤት ሠርቻለሁ። ሆቴሉን ከተውኩ ወዲህ አንድ አነስተኛ ድርጅት በየገጠሩ እየላከኝ፣ እናቶች ጓዳቸው ውስጥ ካለው ነገር ለሕፃናት የሚሆን ምግብ እንዴት እንደሚያዘጋጁ አሳያለሁ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ባቄላ አለ፣ ገብስ አለ፣ ድንች አለ፣ ከጓሮ ጎመን አለ፣ ዶሮዋም እንቁላል ትጥላለች፤ የሚቀረው ማዋሐድ ብቻ ነው። ባልደረቦቼ «አንተ እኮ ለዚህ ሥራ ነው የተፈጠርከው» ይሉኛል፤ እኔም አምኛቸው ነበር።

ሰኞ ማለዳ ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ በልቼ ተነሣሁና አዲስ አበባ አደርኩ። ስለ አዲስ አበባ የምጽፈው የለኝም። መናኸሪያው ውስጥ እግሬን ረግጦ ይቅርታ ሳይጠይቀኝ የሄደ ሰው እንዳለ ብቻ ይታወቅልኝ።

ማክሰኞ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደሴ ገባሁ። ከመኪናው ስወርድ ብርዱ ጆሮዬን ያዘኝ። እኛ አገር በሸሚዝ ይመሻል፤ እዚህ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ስለሚሄድ ሰላምታ የሚሰጡኝ ዓይኖች ብቻ ነበሩ። እንደ ደረስኩ ገበያ ወጣሁና ለትምህርቱ የሚሆነኝን ስልሳ እንቁላል ገዛሁ። እንደዚህ ርካሽ እንቁላል በሕይወቴ አላየሁም። ሻጭዋ በጭድ እየጠቀለለች «ለሰርግ ነው?» አለችኝና ወዲያው «ውይ፣ አሁን ምን ሰርግ አለ» ብላ ራሷን አረመች። ለምን ሰርግ እንደማይኖር አልጠየቅኋትም። ርካሽ ነገር ያገኘ ሰው ብዙ አይጠይቅም።

ነገሩ የገባኝ ማታ ሆቴል ውስጥ ጥብስ ሳዝ ነው። አስተናጋጁ የታመመ ሰው እንደሚያይ አድርጎ አየኝ። ሁዳዴ ከገባ ሳምንታት አልፈውት ኖሯል። እኔ ጾምን የማውቀው ከምግብ ዝርዝር ላይ ነው፤ ሆቴል ቤት «የጾም» እና «የፍስክ» የሚባሉት ሁለት ገጾች ናቸው። ሽሮዬን እየበላሁ ራሴን አጽናናሁ። የማስተምረው ስለ ሕፃናት ምግብ ነው፤ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ አይጾምም፤ ይህን ካህናቱም ይናገሩታል። ስለዚህ እንቁላሌ ሥራ አያጣም ብዬ ሦስት ብርድ ልብስ ደራርቤ ተኛሁ።

ረቡዕ ጠዋት መንገዱ ክፍት መሆኑን ሦስት ሰው ጠይቄ፣ ሦስቱም «ለዛሬ ክፍት ነው» ካሉኝ በኋላ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የእንቁላሉን ካርቶን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ሾፌሩ ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «ወደ ዶሮ አገር እንቁላል ጭነህ ትሄዳለህ?» ብሎ ለተሳፋሪው ሁሉ አወጀ። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ከኋላ አንድ ሰው «ስንት ቀረ?» ይላል። የሐዋሳ መንገድ ሜዳ ነው፤ ባጃጅ ውስጥ ሻይ መጠጣት ይቻላል። ይኼኛው ግን ተራራውን ይወጣና፣ ጫፍ ደርሶ ሌላ ተራራ ሲያይ ወርዶ እሱንም ይወጣል። ሜዳውን ስናገኝ ደግሞ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል።

አጠገቤ የተቀመጡት ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ። አንዱ ጉድጓድ ላይ የካርቶኑ ጥግ ረጠበና የእንቁላሉ አስኳል ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ። የምገባበት ጠፋኝ። ሽማግሌው ቢጫውን ነጠብጣብ ትንሽ ተመለከቱትና «ልጄ፣ ጋቢዬን አስገደፍከው» አሉኝ። መኪናው ሙሉ ሳቀ። ይታጠባል፣ አብሽር ብለውም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔ ቀልድ ብቻ መስሎኝ አብሬ ሳቅሁ።

አቀስታ ስንደርስ መኪናው ለምሳ ቆመ፤ ማንም ግን ምሳ አልበላም። ክርስቲያኑ ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቃል። ሙስሊሙ ደግሞ ረመዳን ስለሆነ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጠብቃል። የዘንድሮው ሁዳዴና ረመዳን መግጠማቸውን ያወቅሁት እዚያ ነው። ሃያ ዓመት ምግብ ያበሰልኩ ሰው፣ ምግብ ማብሰል ላስተምር የመጣሁት በቀን ማንም በማይበላበት ወር መሆኑ ነው። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ቆሜ ብስኩት በላሁ፤ ከዚያም አፌን ጠርጌ እንደ ጾመኛ ሰው ደከም ደከም እያልኩ ተመለስኩ።

መካነ ሰላም ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰብለ ተቀበለችኝ። ፈጣን፣ ቀጭን፣ ስትሄድ ማውራት የማታቆም ልጅ ናት። ካርቶኑን ከፍታ የተረፉትን ቆጠረች፤ አርባ አንድ ነበሩ። ያረፍኩበት አልጋ ቤት ባለቤት ከሩቅ መምጣቴን ስትሰማ ሙቅ ውሃ በባልዲ ይዛልኝ መጣች፤ አልጠየቅኋትም፣ ሒሳብ ላይም አልደመረችውም። በሠራሁበት ሆቴል ቢሆን ባልዲውንም እንደምር ነበር።

ሐሙስ ማለዳ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ተጓዝን። ሰብለ በመንገድ ላይ ስለ አንዲት ሕፃን ነገረችኝ። ሐና ትባላለች፤ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ሐና ስምንት ወር ሲሞላት እናቷ ለአያቷ ትታት ዐረብ አገር ሄዳለች። ሰብለ የሕፃናቱን ክንድ የምትለካበት ጥብጣብ ሦስት ቀለም አለው፤ አረንጓዴው ደህና፣ ቢጫው ሥጋት፣ ቀዩ ሆስፒታል ነው። ሐና ከጾሙ በፊት አረንጓዴው ላይ ነበረች። ባለፈው ሳምንት የቢጫው መጨረሻ ላይ ደርሳለች። «አንድ ሳምንት እንዲህ ከቀጠለች መካነ ሰላም ወስጄ ላስተኛት ነው» አለችኝ። አያትየው ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ የተናገሩት ነገር «ለናቷ ምን ብዬ ልነግራት ነው?» የሚል ነበር።

ትምህርቱም የተዘጋጀው እኚሁ አያት፣ እማማ ይመኙሻል ግቢ ውስጥ ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ናቸው። አሥራ አምስት ያህል እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተሰብስበዋል። ወንድ ልጅ ምድጃ አጠገብ ሲንበረከክ ማየት ለብዙዎቹ አዲስ ነገር ስለነበር ገና እሳት ሳነድ ሳቁ ጀመረ። ድስት ስጠይቅ እማማ ይመኙሻል ገብተው አንድ የጸዳ ብረት ድስት አመጡልኝ።

የገብስና የባቄላ ዱቄት ቀላቅዬ ገንፎውን ጣልኩ። ለጠላ ካዘጋጁት ብቅል ትንሽ ዱቄት ብጨምርበት ገንፎው እንደሚቀጥንና ለሕፃን ለመዋጥ እንደሚቀለው ሳሳያቸው ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ወደዱት። ጎመኑን ከትፌ ጨመርኩ። ከዚያ ሥራዬን ላሳምር ብዬ፣ እንደ ሆቴል ቤት ልማዴ፣ እንቁላሉን በአንድ እጄ ሰበርኩና ድስቱ ውስጥ ጠብ አደረግሁት። ደግሜ ሌላ፣ ሠልሼም ሌላ። ሴቶቹ ጸጥ አሉ። እኔ በእጄ ፍጥነት የተደነቁ መሰለኝና ሦስት ጨመርኩላቸው።

ሲበስል ማን ይቅመስልኝ ብል ማንም የለም። ክርስቲያኖቹ ሰዓታቸው አልደረሰም፣ ሙስሊሞቹም እንደዚያው። ራሴ ቀምሼ ራሴ አደነቅሁ። ዘሀራ የምትባለው የእማማ ይመኙሻል ጎረቤት «ወንድ ያበሰለውን ራሱ ሲያመሰግን አየን፣ ማሻ አላህ» አለች። ሕፃናቱ ግን በሉ፤ አንዱ ጎረምሳ እንዲያውም ማንኪያውን አለቅም ብሎ ተጣላን። ሐና ብቻ አፏን ገጥማ፣ በትልልቅ ዓይኖቿ አያቷን ታያለች። ማንኪያውን ባስጠጋሁ ቁጥር በእጇ መለሰችብኝ። ሰብለ ክንዷን ለካችና ቁጥሩን ሳትናገር መዝገቧ ላይ ጻፈችው።

ያደርኩት ጤና ኬላው ውስጥ የሕመምተኞች መመርመሪያ አልጋ ላይ ነው። እግሬ ከጉልበቴ በታች ውጭ ይቀራል። ገና ሳይጨልም ሰብለ መጥታ በሩ ላይ ቆመችና፣ ጋሼ ባልነግርዎት ይሻል ነበር፣ ግን ነገም ሊደግሙት ነው ብላ ነገረችኝ። እማማ ይመኙሻል ያላቸው የጾም ድስት ያ ብቻ ነበር። በቅበላ ማግስት በአመድ ፈትገው፣ በፈላ ውሃ አጥበው ለጾሙ ያዘጋጁት ነው። አሁን እንቁላል ስለነካው እስከ ፋሲካ ወጥ አይሠራበትም።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩኝም?» አልኳት።

«እንግዳ ነዎት» አለችኝ፣ ይህ እንዴት እንዳልገባኝ እየገረማት።

አፈርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ሆቴል ቤት አንድ ጊዜ ለባለ ሥልጣን ስኳር በጨው ፋንታ አቅርቤ እንኳ እንዲህ አላፈርኩም። ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ እማማ ይመኙሻል የስንዴና የሽምብራ ቆሎ ይዘው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወጥ የለም፣ ድስቱ ገድፏል። ግማሹን ቆሎ መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። አዲስ ድስት ልግዛ ስላቸው ተቆጡኝ። «ድስት ቸግሮኝ አይደለም» አሉኝ፤ እንግዳ ተሳስቶ ድስት ቢያስገድፍ ፈጣሪ ከኔ ላይ አይጽፈውም ብለው ነገሩን ዘጉት። ሐና ግን አትጾምም አይደል ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጅቱማ ማን ጹሚ ብሏት? ድስቱ ነው የሚጾመው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ለወጥ አለና በኩራት ጨመሩ፤ «እሷ ግን የተባረከች ናት። ኸጾሙ ወዲህ ጠዋት ብሰጣት እንቢ ትላለች። በዚህ ዕድሜዋ ጠዋት አትቀምስም።» ለጎረቤቱ ሁሉ ይህን ሲያወሩ መሰንበታቸው ያስታውቃል። ሰብለ አጠገቤ ቆማ ትሰማ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ስሄድ ጎረቤቶች ለእማማ ይመኙሻል ሦስት የጾም ድስት ልከውላቸው አገኘሁ። ሐዋሳ ብሆን ለጎረቤቴ ድስት ያበደርኩበትን ቀን ለማስታወስ ማሰብ ይኖርብኛል። እኔና ሰብለ እንቁላሌን ይዘን ወደ ዘሀራ ቤት ሄድን፤ የሷ ድስት ሁሌም የፍስክ ነው። ዘሀራ እንደ ጾመኛነቷ ሳትቀምስ ታበስላለች። አንድ እንቁላል ቀቅለን ከድንች ጋር አላምን፣ ከላዩ ወተት ጠብ አደረግን። እማማ ይመኙሻል ሐናን አምጥተው ለዘሀራ ሰጧትና እሳቸው በሩ አጠገብ ቆሙ።

ሐና ማንኪያውን አልነካችም። ዘሀራ ማንኪያውን ትታ ሳህኑን ፊቷ አኖረችላት። ሕፃኗ ከድንቹ በትንንሽ ጣቶቿ ቆረሰች፤ ደስ አለኝ። ግን ወደ አፏ አላደረሰችውም። እጇን ዘርግታ ወደ በሩ፣ ወደ አያቷ ያዘች።

«ሳታጎርሳቸው አትበላም» አለች ዘሀራ። «ሁሌም እንዲህ ናት። መጀመሪያ ለእማማ፣ ኸዚያ ለራሷ።»

ሰብለ ዞራ፣ እርስዎ የሚበሉት ስንት ሰዓት ነው ብላ እማማ ይመኙሻልን ጠየቀቻቸው። ዘጠኝ ሰዓት፣ ከቅዳሴ መልስ አሉ። እስከዚያ ሐና ምን ትሆናለች አለቻቸው።

«እሷማ እኔን ትጠብቃለች» አሉ እማማ ይመኙሻል፣ እንደ ትናንቱ በኩራት።

ቃሉ ከአፋቸው እንደ ወጣ ሰሙት። ፊታቸው ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የተባረከች ያሏት ልጅ ስትጾም የሰነበተችው ለእግዚአብሔር ሳይሆን ለሳቸው ነበር። ብቻዋን መብላት አታውቅም፤ ጾሙ ከገባ ጀምሮ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትጠብቅ፣ ከዚያም ርቧት ደክሟት ሁለት ጉርሻ ሳትበላ እንቅልፍ ሲወስዳት ሰንብታለች። ሰብለ የሐናን ክንድ ያዘች እንጂ አልለካችውም።

እማማ ይመኙሻል መጥተው ፊቷ ተቀመጡ። መጀመሪያ ሊያታልሏት ሞከሩ። ጉርሻውን በከንፈራቸው ተቀብለው፣ በነጠላቸው ጫፍ ደብቀው፣ ባዶ አፋቸውን አላመጡ። ሐና ግን የዋዛ አይደለችም። ጣቷን አፋቸው ውስጥ ከታ ፈተሸችና ምንም ስታጣ ሌላ ቆርሳ ዘረጋች። ዘሀራ ሳቋን አፍና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በኋላ እንደገባኝ የዞረችው ለሳቅ ብቻ አልነበረም፤ ጎረቤቷ ሲገድፉ ላለማየት ነው።

እማማ ይመኙሻል አፋቸውን ከፈቱ። አኘኩ፣ ዋጡም። ሐና ጉርሻው በጉሮሯቸው ሲወርድ አይታ ካረጋገጠች በኋላ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችና በሁለት እጇ መብላት ጀመረች። ድንቹን ጨረሰች፣ እንቁላሉን ጨረሰች፣ ሳህኑን ላሰች። እኔ እንባዬ መጣ፤ ጭሱ ነው ብል ማንም አያምነኝም፣ እሳቱ ጠፍቶ ነበር። አያትየው ደግሞ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩ። በዚያ ሁሉ መንገድ ያበሰልኩትን የቀመሰልኝ አዋቂ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ጨው ጎድሎታል» አሉኝ።

ለሕፃን ጨው እንደማይበዛ ላስረዳ ጀምሬ ተውኩት።

ቅዳሜ ስመለስ የቀሩትን እንቁላሎች ለዘሀራ ተውኩላት። ዶሮዎቼ እንዳይቀየሙኝ አለችኝ። እማማ ይመኙሻል አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ሰጡኝ፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ አንተ ደግሞ ጾም አታውቅም ብለው ነው። ሰብለ እስከ መኪናው ሸኝታኝ፣ ከዚህ በኋላ ልጆቹ ምን እንደሚበሉ ብቻ ሳይሆን ከማን ጋር እንደሚበሉ መጠየቅ ልጀምር ነው አለችኝ። ይህ ሐሳብ በሥልጠና መጽሐፌ ውስጥ የለም፤ አሁን በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ።

በሳምንቱ ሐዋሳ ሆኜ ደወልኩላት። የሐና ክንድ ከቀዩ ርቋል፤ አረንጓዴው ግን ገና ነው። ጠዋት ጠዋት የባቄላውንና የብቅሉን ገንፎ ቤት፣ እንቁላሉን ዘሀራ ዘንድ፣ ሁሉንም ከአያቷ ጋር ትበላለች። እማማ ይመኙሻል ለንስሐ አባታቸው ሄደው መናገራቸውንም ነገረችኝ። ንስሐ አባታቸው ሰምተው፣ ፈገግ ብለው፣ ለገደፉባት ጉርሻ ሃያ ስግደት ሰጧቸው። እማማ ይመኙሻል ግን አልተነሡም።

«አባቴ፣ የዛሬውን ብቻ አይስጡኝ» አሏቸው። «ፋሲካ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል፤ ልጅቱ ብቻዋን አትበላም። የሁሉንም ቀን አንዴ ይስጡኝና፣ እየሰገድኩ ላብላት።»